አምቡላንሱ እስኪደርስ ልቡ የእናንተ እጅ ነው

በዚህ እትም የጤናና ሳይንስ አምዳችን ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ይዞ ቀርቧል። አንደኛው ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት የፊዚክስ ትምህርት ነው፤ ስለ ጉልበትና ስለ ሞገድ። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ሰው በድንገት ወድቆ ልቡ ሲቆም ደረቱን በመጫን ሕይወቱን የማቆየት ዘዴ ነው። ባለሙያዎች ይህን ዘዴ «ሲፒአር» ይሉታል።

«ፊዚክስንና የወደቀ ሰውን ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና የወሰደ ሰው «5 ሳንቲ ሜትር ተጫን፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ» የሚለውን ይሸመድዳል። ከዓመት በኋላ ዓይኑ እያየ ሰው ሲወድቅ ግን በድንጋጤ ቁጥሩ ሁሉ ይጠፋበታል። ለምን እንደሚጫን የገባው ሰው ቁጥሩን ቢረሳ እንኳ እጁ መንገዱን አይስትም። ስለዚህ ዛሬ «እንዴት» ከማለታችን በፊት «ለምን» እንላለን።

አራት ደቂቃ ብቻ

ልብ ሲቆም ደም ይቆማል። ደም ሲቆም ወደ አንጎል የሚሄደው ኦክስጅን ይቋረጣል። ሰውየው ወዲያው ራሱን ይስታል። ከአራት ደቂቃ ገደማ በኋላ ደግሞ አንጎል መጎዳት ይጀምራል። ደረቱን የሚጫንለት ሰው ካላገኘ በያንዳንዷ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከመቶ ከ7 እስከ 10 እጅ እየቀነሰ ይሄዳል።

አሁን ሰዓቱን ከኑሯችን ጋር እናስተያየው። እዚህ ናይሮቢ ኢስሊ የምንኖር ሰዎች ማታ ማታ ጁጃ ሮድ ላይ ማታቱው፣ ጋሪውና ሰው እንዴት እንደሚጨናነቅ እናውቃለን። አምቡላንሱ ቅርብ ቢሆን እንኳ በአራት ደቂቃ አይደርስም። ካኩማና ዳዳብ ያላችሁ ደግሞ ከብሎካችሁ እስከ ሆስፒታሉ ያለውን የአሸዋ መንገድ፣ ሌሊቱን፣ ዝናብ ሲጥል ላጋው ሞልቶ መሻገሪያ የሚጠፋበትን ጊዜ ታውቁታላችሁ። እንግዲህ በእነዚያ አራት ደቂቃዎች ውስጥ ከወደቀው ሰው አጠገብ የሚገኘው ማነው? ሐኪም አይደለም። ሚስቱ ናት፣ ልጁ ነው፣ ጎረቤቱ ነው፣ ውኃ ለመቅዳት አብሮት የተሰለፈው ሰው ነው።

ሰው ሲወድቅ የምናደርገው

በአገራችን ልማድ ሰው ሲወድቅ ፊቱ ላይ ውኃ እንረጫለን፤ ክብሪት ጭረን እናሸተዋለን። ሌላው «በስመ አብ» ይላል፣ ሌላው «ቢስሚላህ» ይላል፣ ሌላው «ዞር በሉ፣ አየር ይግባው!» እያለ ይጮኻል። ሁሉም ከፍቅር የመጣ ነው። ጸሎትም ቢሆን ማንም አይከለክለውም፤ እየጸለዩ መጫን ይቻላል። ነገር ግን ልቡ የቆመ ሰው በክብሪት ሽታ አይነቃም። አየር ቢገባለት እንኳ ያንን አየር ወደ አንጎሉ የሚወስድለት ደም ቆሟል።

ከሁሉም በላይ አንድ ቃል ልብ በሉ፤ «እያጣጣረ ነው» የሚለውን። ልብ ከቆመ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብዙ ሰው አፉን እየከፈተ በየተወሰነ ጊዜ አንዴ እንደ ማንኮራፋት ወይም እንደ ሲቃ ያለ ድምፅ ያሰማል። እኛ ይህን ስናይ አንዳንዴ «ገና ይተነፍሳል» ብለን እንጠብቃለን፤ አንዳንዴ ደግሞ «አለቀለት፣ በሰላም ይሂድ» ብለን እጃችንን እናጣጥፋለን። ሁለቱም ስሕተት ነው። ማጣጣር ትንፋሽ አይደለም። ያለቀለት ሰው ምልክትም አይደለም። እንዲያውም አንጎሉ ገና እንዳልሞተ የሚናገር ነው። ሰው ሲያጣጥር ካያችሁ መጫን የሚጀመርበት ሰዓት አሁን ነው።

የስደተኛው ልጅ ልብ

የኳስ ወዳጆች ይህን ታስታውሱታላችሁ። እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2012 ለንደን ውስጥ ቶተንሃምና ቦልተን ለኤፍኤ ካፕ ሲጫወቱ፣ የቦልተኑ የ23 ዓመት አማካይ ፋብሪስ ሙዋምባ ማንም ሳይነካው ሜዳው ላይ ተደፋ። ልቡ ቆሞ ነበር። የሕክምና ሰዎች እዚያው ሣሩ ላይ ደረቱን መጫን ጀመሩ። ጨዋታ ሊያይ የመጣ አንድ የልብ ሐኪምም ከተመልካች መካከል ወርዶ አገዛቸው። ሜዳው ላይ ተጫኑት፤ አምቡላንስ ውስጥም ቀጠሉ፤ የኤሌክትሪክ ንዝረትም ደጋግመው ሰጡት። ልቡ በራሱ መምታት የጀመረው ከ78 ደቂቃ በኋላ ነው።

ሙዋምባ እንደ ልጆቻችን የስደተኛ ልጅ ነው። አባቱ በፖለቲካ ምክንያት ከኮንጎ ተሰድደው እንግሊዝ ገቡ፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1999 በ11 ዓመቱ ተከተላቸው። ከዚያ አደጋ በኋላ ኳስ መጫወት ቢያቆምም ሕይወቱ ተርፏል። ታዲያ 78 ደቂቃ ልቡ ሳይሠራ አንጎሉ እንዴት ተረፈ? በዚያ ጊዜ ሁሉ የሰው እጅ ደሙን እየገፋለት ስለነበረ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 12 ቀን 2021 ኮፐንሃገን ውስጥ የወደቀው የዴንማርኩ ክርስቲያን ኤሪክሰንም የተረፈው ወዲያው ደረቱ በመጫኑና የኤሌክትሪክ ንዝረት በፍጥነት በማግኘቱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሜዳ ተመልሷል።

እውነቱን ለመናገር ደረቱ የተጫነለት ሁሉ ይድናል ማለት አይደለም። ብዙዎች አይተርፉም። ሰው እጁን አጣጥፎ ከቆመ ግን የሚተርፍ የለም ማለት ይቀላል።

ጉልበት፦ ሁለት ጀሪካን ተኩል

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንግባ። ደረት እንደ ሞላ ወይም ስፕሪንግ ነው። ስትጫኑት ይጎደጉዳል፤ ስትለቁት ተመልሶ ይነሣል። ሞላን በጥቂቱ ለመጫን ጥቂት ጉልበት ይበቃል፤ ሁለት እጥፍ ወደ ታች ለማውረድ ሁለት እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። የአንድ ጎልማሳ ደረት 5 ሳንቲ ሜትር እንዲወርድ ብዙውን ጊዜ የ50 ኪሎ ክብደት ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። በፊዚክስ መለኪያ 500 ኒውተን ገደማ ማለት ነው። በእኛ መለኪያስ? ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ስለዚህ ሁለት ጀሪካን ተኩል ውኃ ደረቱ ላይ እንደ ማስቀመጥ ነው።

«እኔ ያን ያህል ጉልበት ከየት አመጣለሁ?» የምትል እናት አትፍራ። ጉልበቱ የክንድ ጡንቻ አይደለም፤ ክብደት ነው። ክብደት ማለት መሬት ሰውነታችንን ወደ ታች የምትስብበት ጉልበት ነው፤ እሱን በነፃ አግኝተነዋል። የ60 ኪሎ ሴት ከወገቧ በላይ ያለው አካሏ ብቻ ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ወደ ታች ስትወርድ የምታገኘው ፍጥነት ደግሞ ይጨመርበታል። ቡና በሙቀጫ የወቀጠች ሁሉ ይህን ታውቀዋለች። ዘነዘናውን በክንዷ ብቻ የምትገፋ ቶሎ ትደክማለች፤ በክብደቷ የምታወርደው ግን ትዘልቃለች።

ከዚህ አራት ሕጎች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ ክንዳችሁ ቀጥ ይበል። ክርናችሁ ከታጠፈ ክርኑ ራሱ እንደ ሞላ እየተጣጠፈ ክብደታችሁን ይውጠዋል። ትከሻችሁ በትክክል ከእጃችሁ በላይ ይሁን። ከጎን ሆናችሁ በ45 ዲግሪ ተጋድማችሁ ብትገፉ ከአሥሩ ጉልበት ወደ ታች የሚወርደው ሰባቱ ብቻ ነው፤ ቀሪው ሰውየውን ወደ ጎን ይገፋዋል።

ሁለተኛ፣ ሰውየው ጠንካራ መሬት ላይ ይተኛ። ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ከተጫናችሁት ሁለት ሞላ ተደራረበ ማለት ነው። እጃችሁ 5 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ግማሹን ፍራሹ ይወስደዋል። ኒውተን እንዳስተማረው ለእያንዳንዱ ግፊት አጸፋ አለው፤ ከታች ሆኖ አጸፋውን የሚሰጠው ጠንካራ መሬት ነው።

ሦስተኛ፣ እጃችሁ ቦታውን አይልቀቅ። የመዳፋችሁን ሥር፣ ማለትም ከእጅ አንጓችሁ አጠገብ ያለውን ወፍራም ክፍል፣ በደረት መካከል ባለው ጠፍጣፋ አጥንት በታችኛው ግማሽ ላይ አኑሩ። ሌላውን እጅ ከላይ ደርባችሁ ጣቶቻችሁን አቆላልፉ፤ ጣት ጎድን ላይ አይጫን። ጉልበቱ በጠንካራው አጥንት ላይ ሲያርፍ ደረቱ በሙሉ አብሮ ይወርዳል።

አራተኛ፣ ተጭናችሁ ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። ስትጫኑ ደም ከልብ ይወጣል፤ ስትለቁ ደም ወደ ልብ ይገባል። በልብ ውስጥ በአንድ ወገን ብቻ የሚከፈቱ በሮች ስላሉ ደሙ ወደ ኋላ አይመለስም። ከብስክሌት ጎማ መንፊያ ጋር አንድ ነው። መንፊያውን ወደ ላይ ካልሳባችሁት በሚቀጥለው ግፊት የሚወጣ አየር የለም። እጃችሁን ከደረቱ ሳታነሡ ክብደታችሁን ብቻ አንሡ።

5 ሳንቲ ሜትር ስንት ነው ብትሉ፣ የክብሪት ቀፎን ርዝመት ተመልከቱ፤ ብዙውን ጊዜ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ክብሪቱ ከማሽተት ይልቅ ለመለኪያ ይሻለናል ማለት ነው። ከ6 ሳንቲ ሜትር በላይ ግን አያስፈልግም።

ለምን ትደክማላችሁ?

ሒሳቡን እንሥራው። አንዱ ጫና ሞላውን 5 ሳንቲ ሜትር ለማውረድ የሚፈጀው ሥራ 12 ጁል ተኩል ገደማ ነው። በደቂቃ 110 ጊዜ ከተጫናችሁ 1,375 ጁል ይሆናል። ይህ አንድ ሙሉ የውኃ ጀሪካን ከመሬት 7 ሜትር ከፍ አድርጎ ከመስቀል ጋር እኩል ነው። በየደቂቃው አንድ ጀሪካን ሁለት ፎቅ ታወጣላችሁ ማለት ነው! ጎበዝ የሚባል ወጣት እንኳ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሳይታወቀው ጫናው ይሳሳበታል። ስለዚህ «እኔ እችላለሁ» ብሎ መሽቀዳደም አያስፈልግም። በየሁለት ደቂቃው ተቀያየሩ። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ አንዷ ስታነሣ ሌላዋ እንደምታወርድ፣ ቅያሪውም ምቱ ሳይቋረጥ ይሁን። አንዱ «በቃኝ» ከማለቱ በፊት ሌላው በጉልበቱ ተንበርክኮ ይዘጋጅ።

ሞገድ፦ ደሙ ሳይደርስ የሚደርሰው ዜና

ኩሬ ላይ ድንጋይ ብትወረውሩ ክብ ክብ ሞገድ እየሰፋ ዳር ይደርሳል። ውኃው ራሱ ግን ዳር አልሄደም። ውኃው ላይ ያለች ቅጠል ባለችበት ከፍ ዝቅ ትላለች እንጂ ከሞገዱ ጋር አትነጉድም። ሞገድ ማለት ዕቃው ሳይጓዝ ንቅናቄው ሲጓዝ ነው። ድምፅም እንዲሁ ነው፤ አየሩ ሳይሆን በአየሩ ውስጥ ያለው ግፊት በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። መብረቅ ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱን እስክትሰሙ ቁጠሩ፤ በየሦስት ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ነው።

በእጅ አንጓችሁ ላይ የምትዳስሱት የደም ሥር ምትም ሞገድ ነው። ልብ በመታ ቁጥር በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ የግፊት ሞገድ ይነሣል፤ በሰከንድ ከ5 እስከ 10 ሜትር ይሮጣል፤ ከሩብ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ አንጓችሁ ላይ ይደርሳል። በዚያች ቅጽበት ከልብ የወጣው ደም ራሱ ገና መንገድ ላይ ነው። የዳሰሳችሁት ዜናውን ነው፤ ደሙ ከኋላ ይመጣል። እናንተም የሰው ደረት ስትጫኑ የምትልኩት እንዲህ ያለ ሞገድ ነው። ደሙ ደግሞ በያንዳንዱ ጫና ትንሽ ትንሽ ይገፋል። ጥሩ ሆኖ የተጫነ ደረት ጤነኛ ልብ ከሚገፋው ደም ከመቶ ከ25 እስከ 30 እጅ ያህሉን ብቻ ነው የሚገፋው። ጥቂት ቢመስልም አንጎልን ለጊዜው ያቆየዋል።

አሁን የቁጥሩ ምክንያት ይገባናል። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ማለት በሰከንድ ሁለት ጊዜ ለመድረስ ጥቂት የቀረው ነው። ይህን ፊዚክስ ድግግሞሽ ይለዋል። ዥዋዥዌ የገፋ ሁሉ ያውቃል፤ ልጁ ሳይመለስ ብትገፉት ጉልበታችሁ ይባክናል። ከ120 በላይ ብትፈጥኑ ልብ ለመሙላት ጊዜ አያገኝም፤ ጫናችሁም ይሳሳል። ከ100 በታች ብትዘገዩ ደግሞ ግፊቱ በመካከል ይወድቃል።

ለምን ማቋረጥ እንደማያስፈልግም ከዚሁ ይገባናል። ቀዳዳ ያለው ጀሪካን ስትሞሉ ውኃው ከፍ የሚለው ከሚፈሰው በላይ ሳታቋርጡ ስትጨምሩ ነው። ትንሽ ካረፋችሁ ይጎድላል፤ እንደገና ከታች መጀመር ይመጣል። የደም ግፊቱም እንዲሁ በተከታታይ ጫና ቀስ እያለ ይነሣል፤ ስታቆሙ ግን ወዲያው ይወርዳል። ስለዚህ በምንም ምክንያት ከ10 ሰከንድ በላይ አታቋርጡ።

ይህን ዘዴ ያገኘው ኢንጂነር ነው

የዚህ ዘዴ ታሪክ ራሱ ከኤሌክትሪክ ሞገድ ይጀምራል። በቤታችን የሚገባው የኬንያ መብራት 240 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ሞገድ ነው። የሰው ልብም የራሱ የኤሌክትሪክ ሞገድ አለው፤ ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ልብ በሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ ሲመታ፣ ከላይ ወደ ታች በሥርዓት የሚሮጥ ነው። በሰውነት የሚያልፍ የመብራት ኃይል ይህን ሥርዓት ሊበጠብጠው ይችላል። ያን ጊዜ ልብ መምታቱን ትቶ ይርገፈገፋል፤ ደም ግን አይገፋም።

በአሜሪካ የመብራት መስመር የሚዘረጉ ሠራተኞች በዚህ ምክንያት ይሞቱ ስለነበር፣ በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ኩዌንሆቨን የተባለ የኤሌክትሪክ ኢንጂነር ለብዙ ዓመታት ሲያጠና ቆየ። የተበጠበጠውን ልብ በኤሌክትሪክ ንዝረት ወደ ሥርዓቱ የሚመልስ መሣሪያ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1958 ጋይ ኒከርቦከር የተባለው ረዳቱ አንድ ነገር አስተዋለ። ከባዱን የመሣሪያውን መያዣ በውሻ ደረት ላይ አጥብቆ ሲጫን፣ ንዝረቱ ገና ሳይለቀቅ የደም ግፊቱ ከፍ አለ። መጫኑ ብቻውን ደም ይገፋ ነበር! ሁለቱ ከቀዶ ሐኪሙ ጄምስ ጁድ ጋር ሆነው ዘዴውን እ.ኤ.አ. በጁላይ 1960 ለዓለም አሳወቁ። ከዚያ በፊት የቆመ ልብ ለማስነሣት ሐኪም ደረት ከፍቶ ልብን በእጁ ይጨምቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሁለት እጅ ያለው ሁሉ ሊጀምረው የሚችል ሥራ ሆነ።

በካምፕ ጄኔሬተርና በየጣሪያው በተቀጣጠለ ሽቦ መካከል ለምንኖር ሰዎች ከዚህ አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለ። መብራት የያዘውን ሰው አትንኩ! መጀመሪያ ማብሪያ ማጥፊያውን ወይም ጄኔሬተሩን አጥፉ። ከዚያ በኋላ ብቻ ቅረቡ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. አካባቢውን እዩ። መብራት፣ መኪና፣ ጎርፍ፣ በተዘጋ ቤት የሚጨስ ከሰል ካለ መጀመሪያ ለራሳችሁ ተጠንቀቁ። የከሰል ጭስ ያለበት ቤት ከሆነ በር ክፈቱና ሰውየውን ወደ ውጭ አውጡት።

2. ትከሻውን መታ መታ እያደረጋችሁ በስሙ ጥሩት። ካልመለሰ ደረቱን ተመልከቱ። ከ10 ሰከንድ በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ በደንብ ሲተነፍስ ካላያችሁ፣ ወይም ሲያጣጥር ካያችሁ፣ ልቡ ቆሟል ብላችሁ ተነሡ።

3. አንድ ሰው በጣታችሁ ለይታችሁ «አንተ፣ ደውል!» በሉት። «ሰው ይደውል» ከተባለ ሁሉም ሌላው ይደውላል ብሎ ይቆማል። በኬንያ 999 ወይም 112፣ የኬንያ ቀይ መስቀል ደግሞ 1199 ነው። ብቻችሁን ከሆናችሁ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋችሁ እየተጫናችሁ ተናገሩ።

4. በጀርባው መሬት ላይ አስተኙት። ልብሱ ወፍራም ከሆነ ግለጡት። በደረቱ መካከል 5 ሳንቲ ሜትር፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ። ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ።

5. ሥልጠና ካላችሁ በየ30 ጫናው ሁለት ጊዜ በአፉ እፍ በሉለት። ከሌላችሁ ወይም ካልፈለጋችሁ መጫኑን ብቻ ቀጥሉ። በውኃ ለሰጠመ ሰውና ለሕፃናት ግን ትንፋሹ በጣም አስፈላጊ ነው፤ በእነርሱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ያለቀው አየሩ ነውና።

6. ለልጅ በአንድ እጅ ወይም በሁለት፣ የደረቱን ውፍረት አንድ ሦስተኛ ያህል ተጫኑ። ለጨቅላ ሕፃን ደረቱን በሁለት እጃችሁ አቅፋችሁ በሁለቱ አውራ ጣቶቻችሁ ተጫኑ።

7. ሰውየው እስኪንቀሳቀስና በደንብ እስኪተነፍስ፣ ባለሙያ እስኪደርስ፣ ወይም አቅማችሁ ፈጽሞ እስኪያልቅ አታቁሙ።

ከአንባቢ የሚነሡ ጥያቄዎች

ጎድኑ ቢሰበርስ? ሊሰበር ይችላል፤ በተለይ በሽማግሌ ላይ። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብትሰሙ የእጃችሁን ቦታ አስተካክላችሁ ቀጥሉ። የተሰበረ ጎድን ይጠገናል፤ የቆመ ልብ ግን ካልተጫኑት አይመለስም።

ልቡ ሳይቆም ብጫነውስ? ይነቃል፣ እጃችሁን ይገፋል፣ ያጉረመርማል። ያን ጊዜ አቁሙ። በስሕተት መጫን የሚያመጣው ጉዳት ከመተው ጉዳት ጋር አይወዳደርም።

የሚጥል በሽታ ከሆነስ? እየተንፈራገጠ ያለን ሰው አትጫኑ፤ አፉ ውስጥም ምንም አታስገቡ፤ ራሱን ከሚያቆስል ነገር ጠብቁት። መንፈራገጡ ካቆመ በኋላ ትንፋሹን እዩ። በደንብ ከተነፈሰ በጎኑ አስተኙት፤ ካልተነፈሰ መጫን ጀምሩ።

መብረቅ የመታው ሰው ይነካል? አዎ። በሰውነቱ ውስጥ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም። ከሜዳው ፈጥናችሁ አውጡትና ተጫኑ።

ሴት ብትሆንስ? ይህ ጥያቄ በየማኅበረሰባችን ውስጥ አለ። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም በአደባባይ የወደቁ ሴቶች ከወንዶች ያነሰ እርዳታ እንደሚያገኙ አሳይተዋል። ሴት ካለች ሴት ትጫን፤ ከሌለች ያለው ሰው ይጫን። ሌሎች ነጠላ ወይም ሽርጥ ይዘው ይጋርዱ። ነውሩ እጅ መንካቱ ሳይሆን እናት ስትሞት ቆሞ ማየቱ ነው።

ስደተኛ ነኝና ሆስፒታል ቢከለክለኝስ? እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ማንም ሰው የድንገተኛ ሕክምና እንደማይከለከል ይደነግጋል። «ዜጋ» አይልም፤ «ሰው» ነው የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የጤና ሕግም ይህንኑ ያጠናክራል። ወረቀት የለኝም ብላችሁ የሚሞትን ሰው ቤት ውስጥ አታስቀሩ።

በዚህ ሳምንት

ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ከማስቀመጣችሁ በፊት ሦስት ነገሮች እንድታደርጉ እንጠይቃለን። የአቅራቢያችሁን ክሊኒክና አምቡላንስ ስልክ በበራችሁ ላይ በትልቁ ጻፉ። ከዚያ ቤተሰቡን ሰብስባችሁ ጠንካራ ትራስ መሬት ላይ አኑሩና በሰዓት ለሁለት ደቂቃ እየተቀያየራችሁ ተለማመዱ። ልጆችም ይሞክሩ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ከ12 ዓመት ጀምሮ ተማሪዎች ይህን በዓመት ለ2 ሰዓት ይማሩ የሚለውን ሐሳብ ደግፏል። የፊዚክስ ተማሪ ካላችሁ ደግሞ ክንድ ቀጥ ማለት ያለበት ለምን እንደሆነ እሱ ያስረዳችሁ፤ ትምህርቱ ለፈተና ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል። በመጨረሻም የብሎክ መሪዎቻችሁ የጤና ሠራተኞችን ወይም ቀይ መስቀልን በአሻንጉሊት ላይ ሥልጠና እንዲሰጧችሁ ይጠይቁ። ወረቀት ያስረዳል እንጂ እጅን አያሠለጥንም።

በስደት አገር ከዘመድ ርቀን ስንኖር «ጎረቤት ወገን ነው» እንላለን። የጎረቤትህ ልብ ሲቆም ሌላ ልብ የለውም፤ ያለችው ያንተ እጅ ናት።